በመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ላለው ሮቦት ነጂ ስለመረጡልን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ርዕሰ መምህራችን፣ ለመስታወቱ ቁም ሣጥን ቁልፍ ባለቤት፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ትምህርት ቤታችን ሮቦት አቧራ ሳይነካው፣ ጭረት ሳያገኘው፣ ሥራም ሳያደክመው እንዲሰነብት እመኛለሁ። እኔ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ፀጉር ቤት ያለኝ፣ ያንን ሮቦት ከጓደኞቿ ጋር የሠራችውና እርስዎ በጠዋት ሰልፍ ላይ ከሮቦት ክበቡ ያባረሯት ልጅ አክስት ነኝ። የትምህርት ቤቶቹ የሮቦት ውድድር ሁለተኛ ዙር ስላለው፣ እሷም ካባረሯት ወዲህ መፍቻ መንካት ስለተወች፣ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

፩ኛ/ በቅድሚያ ስለ ነጂ መረጣው ፈተና ላመስግንዎ። እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚያሳዩት ሮቦት ከውድድሩ በፊት እንዳይጫር ብለው ቢሮዎ ባለው የመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ስለቆለፉበት፣ ተማሪዎቹ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ሪሞት ብቻ ይዘው የሌለ ሮቦት እንዲነዱ አደረጉ። ነጥቡንም ለአቋም፣ ለጫማ ጽዳትና ለአንገት መቅናት ሰጡ። እኔም ከእርስዎ ተምሬ፣ በአየር ላይ መቀስ ቀጭ ቀጭ ላደረገች ሁሉ ሥራ ልሰጥ አስቤ ነበር፤ ደንበኞቼ ጆሮ ስላላቸው ተውኩት።

፪ኛ/ የወንድሜ ልጅ በፈተናው መካከል ሮቦቱ የት እንዳለ በመጠየቋ ሥርዓት የጎደላት ተብላ ወደቀች። የእህትዎ ልጅ ምንም ስላልጠየቀ ሙሉ ነጥብ አግኝቶ ነጂ ሆነ። የሥጋ ነገር ነው አልልም፤ እንዲህ ያለ ሐሜት ከእኔ አፍ አይወጣም፤ ፀጉራቸውን እስካጥብላቸው ድረስ ሌላ ወሬ ያልነበራቸው ደንበኞቼ ናቸው ያሉት።

፫ኛ/ በውድድሩ ቀን ሮቦቱ እንደታዘዘው ወጣ፣ ኳሱንም አነሳ። ወደ ቅርጫቱ ለመመለስ ፊቱን ወደ ነጂው ሲያዞር ግን ጉድ ፈላ። ሮቦት ፊት ለፊት ሲመጣ የእሱ ቀኝ የነጂው ግራ ነው፤ ይህን ደግሞ እጅ የሚለምደው በመንዳት እንጂ በመቆም አይደለም። ምስኪኑ ልጅ ወደ ቅርጫቱ ሲለው ወደ ዳኞቹ ጠረጴዛ ሄደ፤ ሲደነግጥ ደግሞ ባሰበት፣ የዳኞቹም ውሃ ወረቀታቸው ላይ ተደፋ። እርስዎ ከፊት ወንበር ተነስተው፣ የእህትዎን ልጅ ሜዳው መሃል ትተው፣ በጓሮ በር ወጡ። ፍጥነትዎን አደነቅኩ፤ ጡረታ የቀረበው ሰው አይመስሉም ነበር።

ለቀጣዩ ቁጥር አልሰጥም። በማግስቱ ሰልፍ ላይ የሮቦቱን ሽቦ አሳስታ ያገናኘችው የወንድሜ ልጅ ናት ብለው አባረሯት፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው። የእህትዎ ልጅ ጥፋቱ የእኔ ነው ሊል እጁን ሲያወጣ፣ አይተው እንዳላዩ አለፉት። የወንድሜ ልጅ ያን ቀን ምሳ ዕቃዋን እንደወሰደችው መለሰችው። አልቅሳ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እጅግ አዝኜብዎታለሁ፤ ይህን እንኳ ያለ ቀልድ ያንብቡልኝ።

ስለዚህ ከቸርነትዎ ቆርሰው፣ በሰልፍ ያባረሯትን በሰልፍ እንዲመልሷት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።

የፀጉርዎን እውነተኛ ቀለም እስከ ዛሬ ለማንም ሳልናገር የኖርኩ፣
አክባሪዎ ፀጉር ሠሪ

ማስታወሻ፦ የእህትዎ ልጅ ትናንት ፀጉር ቤቴ መጥቶ የወንድሜን ልጅ ይቅርታ ጠይቋል። እሷ ካልተመለሰች በሁለተኛው ዙር ሪሞት አልነካም ብሏል፤ የቀሩትም ተማሪዎች እንደዚሁ። ለእርስዎ ለመንገር እንደፈራ ስላየሁ እኔው ነገርኩለት። ነጂ አጣሁ ብለው ግን አይጨነቁ። ምንም ያልተያያዘበትን ሪሞት ጨብጦ፣ አንገትን አቅንቶ በመቆም ትምህርት ቤቱን ይህን ሁሉ ዓመት የነዱት እርስዎ ነዎት፤ በራስዎ ፈተና ሙሉ ነጥብ ያገኛሉ።