ከክፍል ዘጠኝ፦ ቤንዚን ስላልተጻፈበት ሒሳብ

ለተከበሩ ቺፍ ኦፑቦ ዎኮማ
የግቢያችን ተከራዮች ማኅበር ሊቀመንበር
ፖርት ሃርኮርት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎ እንደ ድምፅዎ የበረታ፣ ጉልበትዎም ደረጃ የማይፈራ ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በበኩሌ እጅግ ደህና ነኝ። ስሜን በግቢው በር ላይ፣ ከቆሻሻ መጣያው ማስታወቂያ ከፍ አድርገው በቀይ ቀለም ስለጻፉልኝ፣ አሥራ ሰባት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ያላገኘሁትን ዝና በአንድ ቀን አግኝቻለሁ። ማስታወቂያው «የጨዋታ ኮምፒውተር ያለበት ማንኛውም ክፍል ከማኅበሩ ጄኔሬተር ይቆረጣል» ስለሚል፣ የእኛ መስመር ከቅዳሜ ጀምሮ ተቆርጧል። ውሳኔውን በአክብሮት ተቀብዬ የሚከተለውን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ዐርባ አራት ዓመት የሞላው ሰው ጨዋታ አማረኝ ብሎ መናገር ስለሚያሳፍረው፣ ምኞቴን በጥናት ሸፈንኩት። ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠመው ኮንሶል ይሻላል ወይስ ኮምፒውተር ብዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ ካሬ ወረቀት ላይ ሳሰላ ሰነበትኩ። ኮንሶሉ ሲገዙት ርካሽ ነው፤ ጨዋታው ግን አንዱ ብቻ የአንድ ወር የቤት ኪራይ ያህል ያስወጣል። ኮምፒውተሩ ሲገዙት ወገብ ይቆርጣል፤ ጨዋታዎቹ ግን በቅናሽ ይገኛሉ፣ ያረጀው ክፍሉ ብቻ ይቀየራል፣ ፈተናም ይተየብበታል። በሦስት ዓመት ኮምፒውተሩ በመቶ ሰማንያ ሺህ ናይራ እንደሚረክስ አረጋግጬ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ባለቤቴ ኢቢፉሮ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና «ሁሉም ጥሩ ነው፤ ቤንዚኑስ የታለ?» አለችኝ። «ይኼ የሒሳብ ጉዳይ ነው፤ አንቺ ዓሣሽን ሽጪ» አልኳት። መብራት በቀን ሁለት ሰዓት ከመጣ እልል በሚባልበት ከተማ ተወልጄ ያደግሁ ሰው፣ ኮምፒውተሬ ከኮንሶል ስንት እጥፍ ቤንዚን እንደሚጠጣ ሳላስብ የሦስት ዓመት ወጪ አሰላሁ። ተማሪዎቼ ይህን እንዳይሰሙ አደራ።

ሁለተኛ፣ ኮምፒውተሩን በከፈትኩ ቁጥር የአሥራ አራቱም ክፍል አምፖል ይደበዝዝ ነበር። የክፍል ስድስቷ ማማ በለማ «ዳጎጎ ጦርነቱን ጀመረ፤ ሻማ አምጡ!» ሲሉ የሚቀልዱ መስሎኝ እስቅ ነበር። ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ግን ጄኔሬተሩ ሁለቴ አስሎ ቀጥ አለ። እርስዎም በካናቴራ ወርደው «አንተ አስተማሪ! የማኅበሩን አስቸኳይ ሥራ አቋረጥክብኝ!» አሉኝ። አስቸኳዩን ሥራ ከታች ሆነን ስንከታተለው ነበር። በኮንሶልዎ የኳስ ጨዋታ ውስጥ ተመልካቹ እያጨበጨበ፣ እርስዎም የወንድምዎን ልጅ ሶካሪን «ሁለት ለዜሮ! እስቲ አሁን ማን ያድንሃል!» ይሉት ነበር። የዕረፍት ቀንዎን ሳይቀር ለማኅበሩ ስለሚሰዉልን ምስጋናችን ወሰን የለውም።

ሦስተኛው አያስቀኝም። በዚያው መስመር ላይ የኢቢፉሮ ፍሪዘር አለ። ከቅዳሜ ወዲህ ግማሹን ዓሣ በግማሽ ዋጋ ሰጥታለች፤ ግማሹን ጥላለች። ስምንት ዓመት ከእሷ ሲገዙ የኖሩት፣ ቦሌ የምንለውን የሙዝ ጥብስ ከዓሣ ጋር የሚሸጡት ሴቶች ዓርብ ጀልባ ሲገባ በረዶ የያዘ ዓሣ ካላገኙ ወደ ሌላ ይሄዳሉ። እሷ ግን በየማለዳው ባዶውን ፍሪዘር ትወለውላለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ስለዚህ ለእኔ ሳይሆን ለፍሪዘሩ ሲሉ መስመሩን ከዓርብ በፊት እንዲያስቀጥሉልን እጅ ነስቼ እለምናለሁ።

ደረጃውን በሰላም ወርደው በሰላም እንዲወጡ የሚመኝልዎ፣ በቀይ ቀለም የከበረ ታዛዥ ተከራይዎ፣

ዳጎጎ ጃክ፣ የሒሳብ መምህር

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ በግቢው በር ላይ ሳልለጥፈው ሶካሪ መጥቶ «አጎቴን የኮንሶሉ ጨዋታ ዋጋ አንገፍግፏቸዋል፤ ኮምፒውተሩን በዝምታ ግዛልኝ ብለውኛል» አለኝ። ሸጥኩለት፤ አሁን እርስዎ ዘንድ፣ ክፍል አንድ ገብቷል። በገንዘቡ ለፍሪዘሩ የምትበቃ ትንሽ ጄኔሬተር ስለገዛን፣ በሦስተኛው ላይ ያቀረብኩትን ልመና በአክብሮት አንስቻለሁ። መስመራችንን የቆረጠው የማኅበሩ ልጅ ማስታወቂያውን ሁለቴ አንብቦ «ማንኛውም ክፍል ነው አይደል የሚለው?» ብሎ ጠይቆኛል። ካሬ ወረቀቱን በነጻ መርቄልዎታለሁ፤ ቤንዚኑ ዛሬም አልተጻፈበትም። ኢቢፉሮ «ኧረ ስለ ቤንዚኑ ለሰውዬው ንገራቸው!» ብትለኝ «በግልጽ ደብዳቤ ነግሬያቸዋለሁ» አልኳትና፣ ከቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።