የልጄ ስፒከሮች

ጥር 4
ልብስ አጠብኩ። ሽንኩርት አልቋል። ከሰዓት የልጄን ክፍል ጠረግኩ። ከቀበርነው ሦስት ወሩ… ሁለቱ ስፒከሮቹ መሃል ወለሉ ላይ እንደቆሙ ናቸው። ቁመታቸው እኔን ይበልጣል፣ ውፍረታቸው የበር ያህል ነው። አባቱ «ቤት የሌላቸው በሮች» ይላቸው ነበር። እየገፋሁ ከግድግዳው ጋር አጣበቅኳቸው። ወለሉ ላይ የለጠፋቸውን ፕላስተሮችም በቢላ ፍቄ አነሳሁ፤ ቆሻሻ መስሎኝ። ክፍሉ ሰፋ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ጥር 6
ሴቷ ልጄ ደወለች። ሥራዋ ወደዚህ ተዛውሯል። በወሩ መጨረሻ ሕፃኗን ይዛ ትገባለች። «እማ፣ የወንድሜ ክፍል ይበቃኛል» አለች። ምን ይባላል? ይሁን አልኩ። አባቷ ሰምቶ «በሮቹ ይሸጡ» አለ። እሱ ከቀብሩ ወዲህ እዚያ ክፍል ገብቶ አያውቅም።

ጥር 9
ከመሸጣቸው በፊት አንዴ ልስማቸው አልኩ። በሕይወት ሳለ ስንቴ ለመነኝ… «እማዬ፣ አንድ ዘፈን ብቻ፣ ነይ ቁጭ በይ።» «ድስት ጥጃለሁ» እለዋለሁ። ሁልጊዜ ድስት አለ።
እሱ እንደሚያደርገው አበራሁ። በርሜል ውስጥ የሚያወራ ሰው ይመስላል። ልጄ በፍቅር ያበደው ለዚህ ድምፅ ነው? ወይስ አበላሸኋቸው?

ጥር 11
ሽቦን ጠራሁት። ከልጄ ጋር በአንድ ወርክሾፕ ሬዲዮ ሲጠግኑ ኖረዋል፤ ከቅጥነቱ የተነሳ ሽቦ ይሉታል። ገና ከበሩ አይቶ ራሱን ያዘ።
«እማማ! ግድግዳ ላይ ለጠፏቸው?»
«ምን ላድርግ፣ ክፍሉን ዘጉት።»
«እነሱ እኮ በፊታቸውም በጀርባቸውም ነው የሚዘፍኑት። ከኋላቸው አየር ይፈልጋሉ።»
አስረዳኝ። ውስጣቸው ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ፕላስቲክ ነው፤ በሁለት ወንፊት መሃል ተወጥሯል። ኤሌክትሪኩ ራሱ ይስበዋል፣ ይገፋዋል። ኤሌክትሮስታቲክ የሚባሉት ለዚህ ነው አለኝ፤ ስፒከሮቹ ራሳቸው መብራት የሚሰካላቸውም ለዚህ ነው። ስስ ስለሆነ የዘፋኙን ምንም አይደብቅም። ግን የከበሮ ጉልበት የላቸውም። አቧራ ይስባሉ። እርጥበት ይጠላሉ። ደግሞ ለአንድ ወንበር ብቻ… ከመሃል ፈቀቅ ካሉ ድምፁ ይበተናል።
«ቦታቸው የት ነበር? በፕላስተር ምልክት አድርጎ ነበር እኮ። አንድ ወር ሙሉ በጣት በጣት እየገፋ ነው ያገኘው።»
የልጄን አንድ ወር በቢላ ፍቄ ጣልኩት።
ሁለት ሰዓት ገፋን። ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደፊት… «አሁን ይቀመጡ» አለኝ። ዘፋኟ አፏን ከመክፈቷ በፊት አየር ስትስብ ሰማኋት። እዚያው፣ በክንዴ ርቀት። ነይ ስሚ ሲለኝ የነበረው ይህን ነው?

ጥር 12
ዛሬም ተቀመጥኩ። ምሳው አረረ።

ጥር 19
ለማን ልስጣቸው? የሰፈሩ ወጣቶች ለአዳራሻቸው ይውሰዱ ብል ሽቦ ሳቀ። «ጉልበታቸው አዳራሽ አይሞላም። የቤት ናቸው።»
«አንተስ?»
«ቤቴ አንድ ክፍል ናት፤ እነሱ ከገቡ እኔ በረንዳ ላይ ማደሬ ነው።»
ገዢ አግኝቷል። እሑድ ይመጣል። ይቅር ልበለው? ግን ሕፃኗስ? ለሞተ ብዬ ያለውን ላስወጣ?

ጥር 21
አባቱን «ከመሄዳቸው በፊት አንዴ ተቀመጥ» አልኩት።
«ጆሮዬ ደክሟል።»
«ጆሮህን ተወው። የፈራኸው ሌላ ነው።»
ከእራት በፊት ግን ገባ፣ በሩንም ዘጋ። አንድ ዘፈን። ከዚያ ያንኑ እንደገና። ሲወጣ ፊቱን ወደ ጓሮ አዙሮ «ሰውየው አይምጣ» አለ።
«የት ልናቆማቸው?»


ጥር 24
ከገበያ ስመለስ ትልቁ ሶፋና ቡፌው በረንዳ ላይ ወጥተዋል። ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «ምነው፣ ልትለቁ ነው?» አለችኝ። ሳሎኑ ባዶ። አባቱ ወገቡን ይዞ መሃል ቆሟል።
«እንግዳ የት ሊቀመጥ ነው?»
«ይቁም።»
ሳቅኩ… ከስንት ጊዜ በኋላ? ራሴን ታዘብኩት።

የካቲት 3
ሴቷ ልጄ ከገባች ሦስት ቀኗ። ሕፃኗ በክፍሉ ተኝታለች። ሽቦ ዛሬ መጥቶ ስፒከሮቹን ሳሎን ውስጥ አቆመልን። እንደ ልጄ ክፍል አልሆኑም፤ ጣሪያው ሌላ፣ መስኮቱ ሌላ። ይሁን። መሄጃ ያለው በዳር በዳር ብቻ ነው።
«ሁለት ሰው ጎን ለጎን አይሆንም» አለ ሽቦ። «አንዱ ካንዱ ኋላ ግን ይሆናል። እንደ አውቶቡስ።»
እሱ ሲሄድ ሁለት ወንበር ደረደርን። አባቱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ጎረቤቴ ብታየን? የሚታየኝ ማጅራቱ ብቻ ነው። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። በቀብሩ ዕለት እንኳ እንዲህ አላየሁትም።
ሳይዞር «ከፍ አድርጊው» አለኝ።
«ከዚህ በላይ አይችሉም» አልኩት።
ወንበሬን ጉልበቴ ጀርባውን እስኪነካ ድረስ አስጠጋሁ።