ያልለቀቅኩት እጅ

ውድ የዴስክ ጓደኛዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ። ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። ነርሷ ልጄ "አባዬ፣ ላርምልህ" ብላ ነበር፣ እምቢ አልኳት። ስህተት ካለበት የራሴ ስህተት ነው፣ ማንም አይንካብኝ። አንቺም ልጅሽ እንዳያነብልሽ። ከኔ የተሻለ እንደምታነቢ አውቃለሁ።

ከጎልማሶች ክፍል ከቀረሽ ይኸው ሁለተኛ ሳምንትሽን ይዘሻል። አጠገቤ ማንን እንዳስቀመጡብኝ ታውቂያለሽ? ሥጋ ሻጩን! ሲያነብ ምራቁ ይረጨኛል፣ ሲያዳምጥ ያንኮራፋል።

የዚያን ቀን ነገር ልንገርሽ፤ አንገትሽን ደፍተሽ ስለነበር ግማሹን አላየሽውም። ጠዋት ሕፃናት በሚማሩበት ክፍል፣ ጉልበታችን በማይገባበት ዴስክ ተጣብቀን፣ አንቺ በዚያ መርፌ በለመደ እጅሽ የኔን ይዘሽ "ጨ"ን ታስጽፊኛለሽ። የአናጢ እጅ እርሳስ ሲይዝ ምስማር የያዘ ይመስለዋል፤ ስንቱን እርሳስ እንደሰበርኩ አንቺው ታውቂያለሽ። ዩኒት ሊደሩ በመስኮት አየን። ያ ጢም እንኳ በቅጡ ያላበቀለ ልጅ! ሲወለድ አልጋውን የሠራሁለት እኔ ነኝ። ዘሎ ገባ።

"ምን እያደረጋችሁ ነው?"

"እየጻፍን።"

"ሁለት ሰው በአንድ እርሳስ?"

"እርሳስ ተወዷል እኮ!" አለ ሥጋ ሻጩ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

"ተማሪዎች እጅ ለእጅ መያያዝ ክልክል ነው! ልቀቁ!"

አንቺ ለቀቅሽ። እኔ መልሼ ያዝኩሽ።

"አባባ፣ እጃቸውን ይልቀቁ!"

"አልለቅም።"

"ለምን?"

"ጨ አላለቀችማ!"

"እንግዲያው ነገ ወላጅ ሳታመጡ እንዳትገቡ!" አለ። ለሕፃናቱ እንዲህ ማለት አፉ ለምዶበት ነው መሰለኝ። "ወላጆቼን ከፈለግህ መቃብራቸው ድረስ ልውሰድህ" ስለው ፊቱ በርበሬ መሰለ። "አሳዳጊም ይሆናል!" አለና ወጣ።

ማግስቱን እሱ ቢሮ የሆነውን መቼም አትረሺውም። ልጄ ከነነጭ ጋወኗ፣ ልጅሽ የታክሲውን ቁልፍ ጣቱ ላይ እያሽከረከረ፣ እኛ ደግሞ ግድግዳ ተደግፈን ቆመን። ልጄ "አባዬ፣ ምን ነክቶህ ነው?" ስትለኝ፣ "እኔ ባንቺ የተነሳ ስንቴ እንዲህ ያለ ቢሮ ቆሜያለሁ? አንዴ ብትቆሚልኝ ምን አለበት?" አልኳት። ያንቺው ግን "እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ? ሰው ምን ይላል?" አለ። ያኔ ሻርፕሽን እስከ ዓይንሽ ሳብሽው። አንድ ሜትር ተራርቀን እንድንቀመጥ ልጆቻችን ፈረሙልን። አንቺ አንድ ሜትሩን እስከ ቤትሽ ድረስ ለጥጠሽው ቀረሽ።

ለምን አልለቀቅኩም? ልጄ ግትርነት ነው ትላለች። ግትርስ ነኝ። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "አንተን ከማሳመን በሩን ማሳመን ይሻለኛል" ትል ነበር። የዚያን ቀኑ ግን ሌላ ነው። እሷ ካረፈች ወዲህ እጄን የሚይዘኝ ሰው ልጄ ብቻ ናት፤ እሷም የደም ግፊቴን ለክታ እጄን ትመልስልኛለች። አንቺ ስትይዢው ግን የምትለኪው ነገር የለም። ዝም ብለሽ ነው የምትይዢው።

ከዚያ ወዲያ የሠራሁትን ስሚ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ደንብ ፊት ቆምኩና በራሴ ማንበብ ጀመርኩ። ዕረፍቱ አልቆ ሲደወል ገና "መተቃቀፍ" ላይ ነበርኩ። ጨርሼው ዩኒት ሊደሩ ቢሮ ገባሁ።

"ልጄ፣ ተማሪዎቹ ባልና ሚስት ቢሆኑስ?"

"አባባ፣ እዚህ ባልና ሚስት ተማሪ የለንም።"

"ቢኖራችሁስ?"

ጭንቅላቱን አከከ። ሄዶ ርዕሰ መምህሯን ጠራ። ሳቋን እያፈነች መጣችና "ደንቡ እሱን አላሰበበትም" አለችኝ።

እኔ ግን አስቤበታለሁ።

የኔ እመቤት፣ ቤቴ ሁለት ክፍል ነው። ጣሪያው አያፈስም፣ ራሴ ነኝ የመታሁት። መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናሽን የሚያስቀምጥ ቦታ አለ፣ ቀኑን ሙሉ ብርሃን ነው። ወጥ መሥራት እችላለሁ፤ ልጄ "አይችልም" ካለችሽ አትስሚያት። አኮርፋለሁ፣ ግን ቶሎ ይለቀኛል። ታገቢኛለሽ ወይ?

ልጅሽን እኔ አናግረዋለሁ። ሽማግሌ ይላክ ካለም ከኔ የባሰ ሽማግሌ ከየት ያመጣል? ራሴ እመጣለሁ።

እምቢ ካልሽ ደግሞ ሰኞ ወደ ክፍል ተመለሺ። የአንዱን ሱሪ ለሌላው ሰጥተሽ ከተሰደብሽ ወዲህ፣ የደንበኞቼን ስምና ልክ በራሴ እጅ ልጽፍ ብለሽ ነው የመጣሽው። በኔ ምክንያት መሃል መንገድ ላይ ልትቀሪ አይገባም። ፊቴን ማየት ካስጠላሽ ትምህርቱን እተውልሻለሁ። ወደ ቀኝ ሂድ ሲሉኝ ወደ ግራ የምሄድ ሰው፣ እንዲህ ያለ ቃል ለማንም ሰጥቼ አላውቅም።

ደብዳቤውን ይዛ የመጣችው ልጄ ደጅሽ ቆማለች። ሥራ ገቢ ናት፣ ብዙ አታስጠብቂያት። መልስሽን ግን በእሷ አፍ አትላኪብኝ፣ ጻፊልኝ። "እምቢ" ሦስት ፊደል ነው፣ "እሺ" ሁለት ብቻ። ልፋትሽን አስቤ ነው።

አክባሪሽ፣
አናጢው