ማቀዝቀዣው ላይ ስላለው የብስኩት ቆርቆሮ

አይ፣ ቆርቆሮውን አልጣልኩትም። የጠየቀኝ ሰው የለም፣ ግን «ይቺ አሮጊት እስካሁን ምን ታደርግበታለች?» እንደሚባል አውቃለሁ። እነግርዎታለሁ።

በቅድሚያ ለተከበሩት የፋኩልቲው ዲን፣ ለዶክተር አርኑልፎ፣ ሰላምታዬ ከነአክብሮቴ ይድረስልኝ። እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ ያ በሬዲዮ የሚያምረው ድምፅዎ ደህና ነው? እኔ ከገበያው ጀርባ ለተማሪዎችዎ ክፍል የማከራየው ክሪሳንታ ነኝ፣ የያሆስካ አያት። ያሆስካን ያውቋታል፤ ፋርማሲ ሦስተኛ ዓመት፣ ለቀብሯ አበባ የላኩላት። አበባው ከሬሳ ሳጥኑ ይበልጥ ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ።

አንደኛ፣ በሬዲዮ ስለተናገሩት ላመስግንዎ። «ጀርሙ መድኃኒቱን የተላመደው በየሰፈሩ ባሉ ያልተማሩ እናቶች ምክንያት ነው» አሉ። እኔም ከሁለተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፣ ምን እላለሁ። እንዲያስተምሩኝ ነጭ ጋዋን የለበሱ ልጆች ላኩልኝ። «እማማ፣ አንቲባዮቲክ ቢሻልዎትም እስኪያልቅ ይዋጡ፣ ለሌላ ሰው አያካፍሉ» አሉኝ፣ በአንድ ድምፅ፣ እንደ መዝሙር። «እናንተስ ትጨርሳላችሁ?» ብላቸው አንዷ ጫማዋን ማየት ጀመረች፤ ሌላው «እኛማ ፈተና አለብን፣ እማማ» ብሎ ሳቀ።

ሁለተኛ፣ ቆርቆሮው። ያመጡት የእርስዎ ተማሪዎች ናቸው። አንዱ ሲታመም መድኃኒት ይገዛል፤ ሲሻለው ያቆምና የተረፈውን እዚያ ይጨምራል፤ ቀጥሎ የታመመው ከዚያ ይወስዳል። በደግነት ነው የሚያደርጉት። እኛ ቤት ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል፤ ሩዝ በቦሎቄውም ከአንድ ድስት ነው የሚበላው። ያሆስካም ሽንት ሲያቃጥላት ከዚያ ወሰደች። ተሻላት፣ አቆመች። «የቀረውን ለማርቤሊ አስቀመጥኩላት፣ እሷም አንድ ቀን አያጣትም» አለችኝ። ማርቤሊ አብራት የምታድረው ልጅ ናት። ከዚያ በሽታው ተመልሶ ኩላሊቷ ገባ፣ ከኩላሊቷ ደሟ ውስጥ። ሆስፒታል ያለችው ሐኪም አንዱን መድኃኒት ሰቀለችላት፣ ሌላውን ሰቀለችላት፤ በመጨረሻ አጠገቤ ቁጭ አለችና «እማማ፣ ጀርሙ ሁሉንም ለምዶታል» አለችኝ። ከሁላችንም የተሻለ ተማሪ እሱ ነው ማለት ነው።

አላወቀችም እንዳይሉኝ ደግሞ። ቢሮዎ በር ላይ የተለጠፈው «መድኃኒትዎን ይጨርሱ» የሚለው ሥዕል የእጇ ሥራ ነው፣ እርስዎ ራስዎ ሸልመዋታል። ትኩሳቱ ሲጀምራት «ሐኪም ቤት ሂጂ» አልኳት። «አያቴ፣ የፋኩልቲው ክሊኒክ ቀጠሮ የሚሰጠኝ ለሌላ ሳምንት ነው፤ ያለ እነሱ ወረቀት ከፈተና የቀረ ዜሮ ነው የሚያገኘው» አለችኝ። ይቺን ደንብ ያወጡልን እርስዎ ነዎት፣ ዕድሜ ይስጥዎ። እየተንቀጠቀጠች ሄዳ ተፈተነች። ውጤቱ ትናንት ተለጠፈ። በአንቲባዮቲክ ትምህርት ከክፍሉ አንደኛ ወጥታለች፣ እንኳን ደስ ያለዎ።

ሦስተኛም ነበረኝ፣ ጠፋኝ። ካሳ አልጠይቅዎትም። ደንቡን ብቻ ያንሱት፤ የታመመ ልጅ ታሞ ይተኛ።

ቆርቆሮውን ያልጣልኩት ለማርቤሊ ያስቀመጠቻቸው እንክብሎች ውስጡ ስላሉ ነው። በፀጉር ላስቲኳ ነው ያሰረቻቸው። ላስቲኩ ላይ ሁለት ሦስት ፀጉር ተይዟል። ይኸው ነው።

ይቺን ደብዳቤ ነገ ከሥዕሏ አጠገብ እለጥፋታለሁ፣ አላፊ አግዳሚው ያንብባት።

ለቢሮዎና ለወንበርዎ ረጅም ዕድሜ የምትመኝ፣ ሬዲዮዎን ሳታሰልስ የምታዳምጥ፣ ያልተማረችው
ክሪሳንታ
ሌዮን፣ ኒካራጓ

ማስታወሻ፦ ለነፍሷ የምናደርሰው የዘጠኝ ቀን ጸሎት ዛሬ ማታ ያበቃል። የበቆሎና የካካዎ መጠጥ በጥብጫለሁ፣ ከፊት ያለውን ወንበርም ለእርስዎ ይዣለሁ። ሳይመችዎ ቢቀሩ አይጨነቁ፤ እኛ የሐኪም ወረቀት አንጠይቅም።

ቆዩ፣ በር ይንኳኳል። ማርቤሊ ናት፣ ቁልፏን ሁሌ እንደረሳች ነው።

«እማማ ክሪሳንታ፣ ይክፈቱልኝ እንጂ። ጉሮሮዬ ተዘግቷል፣ ምራቅ መዋጥ አቃተኝ፤ ነገ ደግሞ ፈተና አለብኝ። ያ ቆርቆሮ አሁንም አለ?»

ክቡር ዶክተር፣ ምን ልበላት?

መጣሁ፣ ልጄ።