ወደ ውጭ የሚነፍሰው ማራገቢያ

ለተወዳጁ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህ፣ ሥራህ፣ እንቅልፍህስ እንዴት ነው? ባለቤትህና ያቺ ወለላ ልጅህስ? የጀርባህ ሕመም ተሻለህ ወይስ ዛሬም “ደህና ነኝ” እያልክ ትሸነግለናለህ? እኛ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም።

ስለ እማዬ ዓይን በስልክ በቅጡ ሳልነግርህ መስመሩ ስለተቋረጠ ከሥሩ ልጀምርልህ። የአባዬ ፒካፕ ሞተሩ ነክሶ አልዞር ብሎ መቆሙን ታውቃለህ። መካኒካችን ከሌላ መኪና የወጣ ሞተር ገጠመልን፤ ሲነሳ ድምፁ ደስ ይል ነበር። እማዬን ለዓይን ቀዶ ሕክምና ይዘናት ስንሄድ ግን ዳገቱ ላይ አቃሰተ። ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ብረግጠውም አልሰማኝ አለ። የሙቀቱ ጠቋሚ ቀዩን ነካ፣ ውሃው ፈላ፣ ቀጠሮውም አለፈ። እማዬ “እስካሁን ያላየሁት ምን ቀረብኝ” ብላ ልታጽናናን ሞከረች።

መካኒኩ መጥቶ ራዲያተሩን አጠበ፣ የውሃውን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት ቀየረ፣ ውሃው ውስጥ የታመቀውን አየር አስወጣ። ጠብ ያለ ነገር የለም። ሞተሩ ተነስቶ እየሞቀ ሳለ እማዬ በመኪናው ፊት ስታልፍ ቆም አለችና፣ ይሄ ነገር ለምን ትኩስ ነፋስ ፊቴ ላይ ይተፋብኛል አለች። መካኒኩ እጁን ዘርግቶ ነፋሱን ሞከረና ራዲያተሩን ወደሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ አጎነበሰ። ሞተሩን ሲገጥም የማራገቢያውን ሁለት ሽቦዎች አቀያይሯቸው ኖሯል፤ ነፋሱን ወደ ውስጥ መሳብ ሲገባው ወደ ውጭ ይገፋዋል። “እማማ፣ ዓይንዎ ቢደክምም ፊትዎ አይቷል” ቢላት፣ “አንተስ?” አለችው።

ሽቦዎቹን ካስተካከለ በኋላ ኮፈኑ ሥር አጎንብሶ ነዳጅ መስጫውን እንድረግጥ ነገረኝ። እኔ ወለል ድረስ ስረግጥ ሞተሩ አየር የሚስብበት በር የሚከፈተው ግማሹን ብቻ ነበር። ከአሮጌው ሞተር የተረፈው ካቦ፣ ነዳጅ መስጫውን ከሞተሩ የሚያገናኘው የብረት ገመድ፣ ለአዲሱ ረዝሞ ላልቷል። አሳጥሮ ወጠረው።

ሐኪም ቤቱ ሌላ ቀጠሮ ሲሰጠን ያንኑ ዳገት ወጣን። ጠቋሚው ከመሃል ንቅንቅ አላለም። አባዬ ራሱ ዓይኑን ከጠቋሚው ሳይነቅል፣ እኔን መንገዱን እይ ይለኛል።

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። በማግስቱ ነርሷ ፋሻውን ስታነሳላት እማዬ ዓይኗን አርገብግባ ትኩር ብላ አየችኝ። “ልጄ፣ መቼ ነው እንዲህ የከሳሽው?” አለች። አባዬ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔ ምን ልበልህ፣ ሳቁም እንባውም አንድ ላይ መጣብኝ።

ባለቤትህን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ፤ ልጅህን ሁለቱንም ጉንጮቿን። አባዬ ጀርባህን ተጠንቀቅ ብሎሃል። እማዬም ፎቶህን ላክ፣ አሁን ሽበትህን መቁጠር እችላለሁ ብላለች።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ
ከእማዬ ቤት፣ በረንዳው ላይ
መጋቢት 9 ቀን