የጋሽ ዋለ ክላክስ

ጥቅምት 5፣ 2003

ሙቀቱ ያው። ናስትሮው እየቀለጠ ከሽቦው ላይ ይንሸራተታል። ጠዋት የባጃጅ ፍሬን ሠራሁ። ከሰዓት ጋሽ ዋለ ያረጀች ያማሃ ሞተራቸውን እየገፉ መጡ። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ የሰሊጥ እርሻ ተቆጣጣሪ ሆነው የዞሩባት ናት።

"ምን ሆነች?"

"ፍሬቻ ስነካ ትጮኻለች። ክላክስ ስነካ መብራቷ ይጠፋል። ሌላው ደህና ነው።"

ሌላው? ምን ቀረ?

መሪው ላይ ያሉትን የመብራትና የክላክስ ቁልፎች ፈታሁ። ድሮ እርሻ ካምፕ ውስጥ ራሳቸው ሽቦዋን ቀይረውላት ኖሯል፣ ሁሉንም በሰማያዊ። መጋዘኑ ውስጥ የተገኘው እሱ ብቻ ነዋ። እንዳይምታታባቸው በየሽቦው ላይ የጆንያ መስፊያ ክር አስረዋል፤ አንድ ቋጠሮ መብራት፣ ሁለት ቋጠሮ ክላክስ... ክሩ ሰሊጥ ሰሊጥ ይሸታል። አይጥ ቋጠሮውን ከነሽቦው ልባስ በልታዋለች። አሁን የትኛው ሽቦ የት እንደሚሄድ የሚያውቁት ጋሽ ዋለና አይጧ ናቸው።

ጥቅምት 6

ልጃቸው ማህደር መጣች። ሰላም ሳትለኝ "እንዳትሠራት" አለች።

ለካ ዓይናቸው ሊጠፋ ነው። ጎንደር ወስዳቸው ነበር። ሐኪሙ ሞራ ቢሆን ይገፈፍ ነበር፣ ይሄ ግን አይመለስም ብሏል። ባለፈው ሳምንት በሞተሯ የጎረቤት አጥር ጥሰው ገቡ።

"ምን አሉ ታዲያ?"

"አጥሩ ነው የተጠጋ አሉ።"

ቁልፏን ብትደብቅባቸውስ? ደብቃለች። ሽቦ አገናኝተው አስነሥተው ሄዱ።

"አንድ ቀን ሬሳቸውን ነው የማነሣ። አንተ ብታዘገያት ያምኑሃል።"

እሺ አልኩ። ምን ልበል ሌላ?

ጥቅምት 9

በየቀኑ ይመጣሉ። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ደረሰች? አልደረሰችም። ደረሰች? አልደረሰችም...

ጥቅምት 12

ዛሬ "ለመሆኑ ሸጋው፣ ምን ጎድሎህ ነው?" ብለው አፋጠጡኝ። የመሪው ቁልፍ ተሰብሯል፣ ከድንበሩ ማዶ ገላባት ኸሊፋ ሱቅ አዝዣለሁ፣ ጉምሩክ ተይዟል አልኳቸው።

"ጉምሩክ?"

"ጉምሩክ።"

ወደ ጉምሩኩ ዞሩ። መተማ ዮሐንስ ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው እንግዲህ። ጉምሩኩ ከጋራዤ በር ላይ ይታያል። ምን ዓይነት ጅል ነኝ?

ጥቅምት 13

ኮት ለብሰው ጉምሩክ ሄዱ። በዚህ ሙቀት ኮት! ሠራተኞቹ በአክብሮት አስቀምጠው ዕቃዬን ሲፈልጉላቸው አረፈዱ። የለም። ከዚያ ድልድዩን በእግር ተሻግረው ገላባት... በዚያ ዓይን፣ በከባድ መኪኖቹ መሃል።

ሲመለሱ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። የመሪ ቁልፍ። አዲስ።

"ኸሊፋ፣ ሸጋው ምንም አላዘዘኝም አለኝ። እንግዲህ ኸላስ፣ ውሸትህ አለቀ። ማህደር ናት?"

ሽቦ ሽቦውን አየሁ። "ናት።"

"መንገዱ እንደማይታየኝ አጥቼው አይደለም። ብርሃን ግን ገና ይታየኛል። መብራቷ ሲበራ አይቼ ከመንዳቱ ልቅር ብዬ ነበር።"

መኪና ገጭቷቸው ቢሆንስ? የሚገድላቸው የኔ ውሸት ነበር። አፈርኩ። ልጅየዋን ሰማሁ እንጂ እሳቸውን አልጠየቅኩም።

ጥቅምት 15

አብረን ሠራን። እኔ ሽቦ እጎትታለሁ፣ እሳቸው እየዳሰሱ "እሱ ክላክስ ነው... ተው ተው፣ ፍሬቻ ነው" ይላሉ። ግማሹን ተሳሳቱ። ፊውዝ ሁለቴ ተቃጠለ። እርግጠኛ ነዎት ወይ ብላቸው "እንግዲያ አይጧን ጠይቃት!" ብለው ተቆጡ።

ማምሻውን በራች። ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ወደቀ። ከፊቷ ቆሙ። እጃቸውን ብርሃኑ ውስጥ አስገቡ፣ አወጡ፣ አስገቡ። እኔ የጠፋ መፍቻ የምፈልግ መሰልኩ።

ጥቅምት 16

ማህደር ሰምታ መጣች። አምኜህ፣ ለምኜህ፣ አንተም ሰው ሆነህ... ያላለችኝ የለም። አንገቴን ደፋሁ።

"ተይው፣ እኔ ነኝ" አሉ ጋሽ ዋለ። "አንቺ ንጂያት።"

"እኔ?"

"ከኋላዬ ተቀምጠሽ እንዲህ ይንዱ፣ እንዲያ ይንዱ ስትይኝ አይደል የኖርሽ?"

ማህደር "እሺ አባባ" አለች። "አንቱ ግን ከኋላ ነው የሚቀመጡ።"

"ተቀምጬ ምን ልሥራ? ሰሊጥ ነኝ የምጫን?"

ለቀልድ ያሉት መስሎኝ ቀና አልኩ። እጃቸው መሪዋን እንደጨበጠ ነው። አንጀቴን በሉት። ማህደርም ፊቷን አዞረች። የተረፈው ሰማያዊ ሽቦ እግሬ ሥር ተጠቅልሎ ነበር።

ጥቅምት 17

የክላክሱን ቁልፍ ከመሪው ነቀልኩ። ሽቦውን በወንበሩ ሥር አሳልፌ ከኋላ፣ የተሳፋሪ መያዣው ላይ አሰርኩት። የጆንያ ክር አልተጠቀምኩም።

ኅዳር 4

ማህደር መንዳት ለመደች። ዛሬ በገበያው መሃል አለፉ። ጋሽ ዋለ ኮታቸውን ለብሰው ከኋላ፣ አውራ ጣታቸው ክላክሱ ላይ። ለማይታያቸው ነገር ሁሉ ይነፋሉ... ማለትም ለሁሉም። አህያው ሸሸ፣ ባጃጁ ሸሸ፣ ሰሊጥ አጫጆቹ ሸሹ፣ ትራፊክ ፖሊሱም መንገድ ለቀቀ። አጥር ግን አልተነካም። እንዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

ከሰዓት ማህደር ብቻዋን መጣች። ጆሮዋን ይዛለች።

"ሸጋው፣ በሞቴ፣ ያን ክላክስ ንቀልልኝ። እሳቸው እንዳይሰሙ።"

አሰብኩበት። መንቀያውን መፍቻ ከኸሊፋ አዝዣለሁ፣ ጉምሩክ ተይዟል አልኳት።