ያልመለስኩት መቀነት

ውድ ሱላሲ፣

ስምሽን በወረቀት ላይ ስጽፍ በሰባት ወር ውስጥ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በአፌም ጠርቼው አላውቅም። ለምን እንዳልጠራሁት የምናውቀው አንቺና እኔ ብቻ ነበርን፤ አባቴ ባፓ ግን ከመሞቱ በፊት አወቀ።

ባፓ ካረፈ ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ ነው። መርዶ የሚያሰማው የእንጨት ደወል፣ ኩልኩሉ፣ ለእሱ አልተመታም። አንቺ ግን እንደሰማሽ አልጠራጠርም፤ በእኛ መንደር ዝምታም ወሬ ያደርሳል። አስከሬኑ በከተማው ሆስፒታል ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። የመንደሩ መቃብር ስፍራ ለቤታችን ዝግ ስለሆነ እንደ ወጋችን እዚያ ልናቃጥለው አልቻልንም። ተሸካሚም የለንም። ለእኛ ሬሳ ትከሻውን የሚሰጥ፣ ለእኛ አንዲት ቃል የሚተነፍስ ሰው እንደ እኛ ይገለላል ተብሏል። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሕግ እንዲህ ያለ ውሳኔ አይጸናም ይላል። ሕጉ ግን ሬሳ አይሸከምም።

ልለምንሽ አይደለም የምጽፍልሽ። ልለምንሽ ነው። ሁለቱንም ጽፌያለሁ፣ አንዱንም አልሰርዝም።

መጀመሪያ ስለዚያ ረቡዕ ልንገርሽ። አንቺ ያየሽው ግማሹን ብቻ ነው።

እንግዳዬ ግራሲዬላ ትባላለች። ከኡራጓይ የመጣች፣ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት። ማዳም ስላት «ማዳም አትበይኝ፣ እግሬ ያብጣል» አለችኝ። ለአንድ ቀን፣ ለብቻዋ፣ በመኪናዬ እየነዳሁ መቅደሶቹንና አገሩን እንዳሳያት ነበር የተስማማነው። ከዝርዝሬ ውስጥ የትኛውን ጉዞ እንደመረጠች ገምቺ። ከሁለት ዓመት በፊት ደጃችሁ ላይ ቁጭ ብለን፣ ያልበሰለ ማንጎ በሚጥሚጣ እየበላን የጻፍነውን። «መጨረሻው መንደራችን ይሁን» ያልሽው አንቺ ነሽ። «እንግዶቹ መቅደሱ ምንጭ ጋ ያርፋሉ፣ አንቺም በዚያው ወደ ቤትሽ ትገቢያለሽ» አልሽ። የመንደሩ ጉባኤ ካገለለን በኋላ ያንን መስመር ማውጣት ነበረብኝ። አላወጣሁትም። እልህ ነው በይው።

ጠዋት በባሕሩ ዓለት ላይ ያለውን መቅደስ አየን፤ ማዕበሉ ገና ስላልሞላ ቁርጭምጭሚታችንን ብቻ እየነከርን ተሻገርን። ከዚያ ወደ ሐይቁ ወጣን። ጉሙ ወርዶ ውሃውን ሸፍኖታል፣ የመቅደሱ ጣሪያዎች ብቻ ከላይ ቀርተዋል። ግራሲዬላ ካሜራዋን ወደ ቦርሳዋ መለሰችው። የመኪና ማቆሚያው ጠባቂ፣ ያ ጥርሰ ወላቃው፣ እንደ ልማዱ ከሩቅ ጀመረኝ። «ሉህ፣ ዛሬስ የምትነጂው አንቺ ነሽ ወይስ መኪናዋ ናት የምትነዳሽ?» አለኝ። መጀመሪያ በሩን እንዲያሰፋው ነገርኩት፤ ባለፈው ሳምንት የሦስት ወንዶችን መስታወት የበላው ያ በር እንጂ እኔ አይደለሁም። የበቆሎ ሻጮቹ ሳቁበት። አንዷ ደግሞ ባል ካላገኘሁ የወንድሟን ልጅ እንድወስድላት፣ ካልተመቸኝ እንድመልሰው ነገረችኝ። ለግራሲዬላ ሁሉንም ተረጎምኩላት፤ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ይህን የምነግርሽ ለጨዋታ አይደለም። ከመንደራችን ወሰን ውጪ እኔ ሰው ነኝ ለማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ በሩዝ እርከኖቹ መሃል ወርደን መንደር ገባን። ደጇን የምትጠርገው ሴትዮ መጥረጊያዋን ይዛ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ዱሮ ከመኪናዬ መስኮት ሙዝ የሚወረውርልኝ ጎረቤታችን ዛፍ ላይ ዓይኑን ተከለ። ግራሲዬላ ሞኝ አይደለችም።

«ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሁሉ ሲተርብሽ ነበር» አለችኝ። «እዚህ ሰላም ያለሽ የለም። ምን አድርገሻቸው ነው?»

በአጭሩ ነገርኳት። የባንጃራችን፣ የመንደር ማኅበራችን፣ ሽማግሌዎች ከምንጩ በላይ ያለውን መሬት ለሠላሳ ዓመት ለቪላ ሠሪዎች መስጠታቸውን፤ ውሃው ለመዋኛ ገንዳ እንደሚሄድ፤ ውሉ መፈረሙን ለመንደሩ ሰው ማንም እንዳልነገረው። ሰነዱ በእጄ እንደገባና ለወረዳው እንደጻፍኩ፣ ወረዳው ዝም ሲል ለሕዝብ እንደጻፍኩ። ሽማግሌዎቹ እንዲህ ያለ ወረቀት የለም፣ መንደሩን አዋረደች እንዳሉ። በጉባኤው ፊት ተንበርክኬ «ፈጥሬ ነው» እንድል ተጠየቅሁ፣ እምቢ አልኩ። ማን እንደሰጠኝ ተጠየቅሁ፣ እምቢ አልኩ። ማን እንደሰጠኝ ለእሷም አልነገርኳትም።

አንቺ በዚያ የጉባኤ ቀን ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበርሽ። ባልሽ መርከብ ላይ ስለሚሠራ በእሱ ቦታ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ። ሰነዱን በባንጃሩ ጽሕፈት ቤት የተየብሽውም፣ በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ «የተማርሽው አንቺ ነሽ፣ አንድ ነገር አድርጊ» ብለሽ የላክሽልኝም አንቺ ነሽ። ፎቶውን ለጉባኤው ባሳይ ያን ዕለት ነጻ በወጣሁ ነበር። ግን በፎቶው ጠርዝ ላይ ልጅሽ የሣለችው ቀይ ዳክዬ አለ፤ ጠረጴዛሽ ላይ የለጠፍሽው። ያንን ዳክዬ የማያውቅ ሰው በመንደሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ ስልኬን ኪሴ ውስጥ ይዤ ዝም አልኩ። አንቺ ሽርጥሽን በሁለት እጅሽ ጨብጠሽ መሬት መሬት ታይ ነበር።

አሁን ወደ ረቡዕ ልመለስ። የመንደራችን መቅደስ በር ላይ፣ ለሚገቡ እንግዶች ሽርጥና መቀነት የምታከራዪበት ጠረጴዛ ጋ ደረስን። ለግራሲዬላ ሽርጡን አለበስሻት፣ ቢጫውን መቀነት አነሳሽ። እኔ ሦስት እርምጃ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ቀና ሳትዪ፣ በእንግዳ ቋንቋ፣ ለእሷ እንደምታወሪ ሆነሽ ተናገርሽ።

«አባትዎ እንዴት ናቸው? ምግብ ይበላሉ?»

ግራሲዬላ ሳቀች። አባቷ ከሞተ ሠላሳ ዓመቱ እንደሆነ ነገረችሽ። እኔም ፊቴን ወደ እሷ አዙሬ «አይበላም በያት። ውሃ ብቻ፣ እሱም በማንኪያ» አልኩ።

እንግዳዬ አንዴ አንቺን፣ አንዴ እኔን አየች። ሳቋ ጠፋ። ዕድሜዋን ሙሉ የሌላ ሰው ጭንቅ ያየች ሴት ናት። ወደ አንቺ ዞራ «ውሃ ብቻ፣ በማንኪያ» አለችሽ።

የቋጠርሽውን ፈትተሽ እንደገና ቋጠርሽ። «ምን ይፈልጋሉ?» አልሽ።

«ከዚህ ምንጭ ጠበል» አልኩ ለግራሲዬላ። «በራሱ መንደር መቃጠል። ደግሞ ይችን ሴት ጠይቂልኝ፤ በሚቀጥለው ጉባኤ እውነቱን ትናገር እንደሆነ።»

አፍሽ ተከፈተ፣ ሱላሲ። አይቻለሁ። ምን ልትዪ ነበር? ለሁለት ሳምንት ያህል በአፍሽ ውስጥ ቃላት ሳስቀምጥ ነው የከረምኩት። አንዳንድ ቀን እሺ ትያለሽ፣ አንዳንድ ቀን ይቅር በይኝ ትያለሽ።

የጉባኤው ሰብሳቢ ፓክ ሙርዳ አውራ ዶሮውን ታቅፎ ከጀርባሽ መጣ። የዶሮውን አንገት እያሻሸ፣ እኔን አሳልፎ መንገዱን እያየ፣ «ዛሬ ነፋስ ብቻውን መኪና እየነዳ መጥቷል አሉኝ። አንቺ አይተሻል?» አለሽ።

«አላየሁም፣ ፓክ» አልሽ።

ሦስት እርምጃ ነው በመካከላችን የነበረው። ሰባት ወር ሙሉ ብዙ ሰው ጀርባ ሰጥቶኛል፣ ስንቱን ተሸክሜ አልፌያለሁ። ያቺ «አላየሁም» ግን እስከ ዛሬ ከጉሮሮዬ አልወረደችም።

ግራሲዬላ ብቻዋን ደረጃውን ወጣች። ለእኛ ቤት መቅደሱም ዝግ ነው፤ እኔ በሩ ላይ ቀረሁ፣ በልጅነታችን አብረን ከጨፈርንበት ግቢ ውጪ፣ እንደ ቱሪስት አሽከርካሪ። ጠበሉን መስረቅ እችል ነበር። ጠርሙስ ለእንግዳዬ ሰጥቼ ቅጂልኝ ማለት ቀላል ነው። ግን አንቺም ታውቂያለሽ፤ ጄሮ ማንኩ፣ የመቅደሱ ካህን፣ በእጃቸው ካልሰጡት ውሃ ነው እንጂ ጠበል አይደለም። ባፓ ደግሞ ይለየዋል።

ስትመለስ ከራሷ እስከ እግሯ ርሳ ነበር። ግንባሯ ላይ የቡራኬ የሩዝ ፍሬ ተለጥፏል። ሽማግሌው ካህን እንደ ደንቡ ሦስት ጊዜ ረጭተው ሲጨርሱ ማሰሮውን በሙሉ ወገቧ ላይ እንደገለበጡባት፣ መቀነቱን በጣታቸው እየነኩ አንድ ቃል ብቻ እንደደጋገሙላት ነገረችኝ። «‹ውሰጂ› ነው የሚሉኝ። ምን እንደምወስድ አልገባኝም» አለች።

እኔ ግን ገባኝ። የምንጩን ግንብ ከባፓ ጋር የሠሩ ሰው ናቸው። የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ፣ አፋቸው እንደ አንቺው የታሰረ፣ መንገድ ፈለጉ። አገኙም።

መቀነቱን ልንመልስ ስንመጣ ጠረጴዛሽ ባዶ ነበር። የሥራ ሰዓትሽ ሳያልቅ ሄደሻል።

መኪና ውስጥ ግራሲዬላ ረጥባ እንደተቀመጠች «ወደ ሆቴል አይደለም፣ ወደ አባትሽ ንጂ» አለችኝ። ከዚያ ስለ አንቺ አወራች። «ያቺ ልጅ ትንፋሿን ይዛለች። ምጥ ላይ ትንፋሿን የምትይዝ ሴት አይቻለሁ። ሕመሙ የሚቀርላት ይመስላታል።»

ከተማ በተከራየናት ክፍል ውስጥ እናቴ ሜሜ ባፓን ቀና አድርጋ ደገፈችው። ግራሲዬላ መቀነቱን ከወገቧ ፈትታ ከንፈሩ ላይ ጨመቀችው። ስንት ሕፃን የተቀበለ እጅ ነው። ባፓ ጠብታውን በምላሱ ፈለገ፣ ዋጠ፣ ዓይኑን ሳይከፍት «የእኛው ነው» አለ።

እሷን ሸኝቼ ስመለስ ነቅቶ ነበር። «የምሞትበትን ወረቀት አሳዪኝ» አለኝ። ሰባት ወር ደብቄው ነበር፤ ያን ቀን እምቢ ማለት አልቻልኩም። ስልኩን ለረጅም ጊዜ ዓይኑ ላይ አስጠግቶ ያዘው። ያየው ፊርማውን አልነበረም።

«ይቺ የሱላሲ ልጅ ዳክዬ አይደለችም?» አለኝ። «በራችን ላይም በጠመኔ ሥላት ነበር።»

ስልኩን ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ። እሱም አልለቀቀውም።

«አጥፊው» አለ።

ተከራከርኩ። አለቀስኩ። ከዚህ ሌላ ማስረጃ የለንም፣ ይኼ ከሄደ ውሸታም ሆኜ ነው የምቀረው አልኩት። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«አንድ ቤት ተዘግቷል» አለ። «ሁለተኛውን በእኔ ስም አታዘጊ። የተናገርሽውንም አትዋጪ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጎንበስ ያልኩት ለሩዝ ነው።»

እያየኝ አጠፋሁት። እሑድ ጠዋት አረፈ።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ማስፈራሪያ አይደለም። ፎቶው የለም። አንቺን የምይዝበት ምንም የለኝም። ሙርዳ ሰው ልኮብናል፤ ዓርብ ጉባኤው ፊት ተንበርክኬ ዋሸሁ ካልኩ መቃብር ስፍራው ይከፈታል፣ ተሸካሚም ይሰጠናል፣ ኩልኩሉም ይመታል። ሜሜ በየጠዋቱ የመገነዣውን ነጭ ጨርቅ አውጥታ አጥፋ ትመልሰዋለች። ብንበረከክ የባፓን ቃል እረግጣለሁ። ስምሽን ብጠራም እረግጣለሁ። ሁለቱንም ካላደረግሁ ቅዳሜ በከተማው የጋዝ ምድጃ፣ በማያውቁት ሰዎች እጅ፣ በተራ ቁጥር ይቃጠላል። በየት ልውጣ? ሁሉንም በር ሞክሬያለሁ። የቀረው በር አንቺ ነሽ፣ እሱም ከውስጥ ነው የሚከፈተው።

ምን እየጠየቅሁሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ብትናገሪ ቤትሽን ሊዘጉት ይችላሉ። ልጅሽ ትምህርት ቤት ብቻዋን ትቀመጣለች፣ ገበያ ላይ ሽንኩርት የሚሸጥልሽ ታጫለሽ፣ ባልሽ ከመርከብ ሲወርድ የሚቀበለው አይኖርም። ቀላል ነው አልልሽም፣ ቀምሼዋለሁ። የሰነዱ ግልባጭ በጽሕፈት ቤቱ የትኛው ሣጥን ውስጥ እንዳለ ግን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።

አፈቅርሻለሁ፣ ተቀይሜሻለሁም። የትኛው እንደሚበዛ ዓርብ ማታ እነግርሽ ይሆናል።

ዓርብ ከጉባኤው አዳራሽ አጥር ውጪ፣ ካምቦጃው ዛፍ ሥር እቆማለሁ። መግባት አልችልም፤ ባይዘጉብኝም በወጋችን ሐዘንተኛ አዳራሹን አይረግጥምና አልገባም ነበር። ቢጫው መቀነትሽ ወገቤ ላይ ይሆናል። አላጠብኩትም። ሙርዳ ጉዳዩን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ እንደ ወጉ ቃል ያለው ሰው እንዳለ ይጠይቃል። ድምፁ እስከ ውጪ ይሰማል።

ሦስት ጊዜ ይጠይቃል፣ ሱላሲ። ሁለቱን ዝም ብትዪ አልቀየምሽም።

ሉህ አርሲኒ